የተጎዳ የጉልበት ልም አጥንት በኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና የሚታከመው መቼ ነው?

ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ልሙጥና ጠንካራ ኅብረ ሕዋስ ሲሆን፣ አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ይከላከላል። የደም ሥር ስለሌለው ግን ጉዳት ሲደርስበት እንደ ቆዳ ወይም እንደ አጥንት ራሱን ለመጠገን አይችልም።

ሕክምናው እንዴት ይከናወናል?

የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና ሕክምና የታካሚውን የራሱን የልም አጥንት ሕዋሳት አባዝቶ የተጎዳውን ቦታ መጠገን ነው። የስዊድን ሐኪሞች በጉልበት ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ሕክምናው ሁለት ቀዶ ሕክምናዎችን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ብዙ ክብደት ከማይሸከም የጉልበት ክፍል ጥቂት ናሙና ይወሰዳል፤ ሕዋሳቱም በቤተ ሙከራ ለሳምንታት ይራባሉ። በሁለተኛው በስስ ሽፋን ላይ የተደረጉት ሕዋሳት በተጎዳው ቦታ ይለጠፋሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ያገኘው ምርት የሚጠቀምበት ሽፋን ከአሳማ ኮላጅን የተሠራ በመሆኑ፣ አለርጂ ወይም ሃይማኖታዊ ምክንያት ያላቸው ታካሚዎች አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።

ለማን ይሰጣል?

ሕክምናው የሚያገለግለው በአንድ ቦታ ለተወሰነ ጉዳት እንጂ በዕድሜ ብዛት በአጠቃላይ ላለቀ ጉልበት አይደለም። ለምሳሌ የእንግሊዝ የጤና ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የሚከተሉትን መስፈርቶች አስቀምጧል፦

• ጉዳቱ ከ2 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፤
• የልም አጥንት ጥገና ቀዶ ሕክምና ቀደም ሲል ያልተደረገለት፤
• የመገጣጠሚያ መበላት (ኦስቲዮአርትራይተስ) እጅግ አነስተኛ የሆነ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት በምርኩዝ መሄድና ለወራት የፊዚዮቴራፒ ክትትል ማድረግ ግድ ነው። ይህን ክትትል የሚያቋርጥ ታካሚ የተተከለውን ሕዋስ ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል።

ከመክፈል በፊት

«በአንድ መርፌ ልም አጥንትን መልሶ የሚያበቅል የግንደ ሕዋስ ሕክምና» የሚሉ ማስታወቂያዎች ከላይ ከተገለጸው ሕክምና ጋር አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ የሌላቸው እንዲህ ያሉ ምርቶች ለኢንፌክሽንና ለሌሎች ጉዳቶች ሊዳርጉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

ስለሆነም ታካሚዎች ገንዘብ ከመክፈላቸው ወይም ወደ ውጭ አገር ከመጓዛቸው በፊት በአጥንት ሕክምና ስፔሻሊስት ተመርምረው፣ በኤምአርአይ የጉዳቱን መጠን አረጋግጠው፣ ምርቱ በየትኛው ተቆጣጣሪ አካልና ለየትኛው ሕመም እንደተፈቀደ በጽሑፍ እንዲጠይቁ ይመከራል። ጉልበቱ በአጠቃላይ ላለቀ ሰው ክብደት መቀነስ፣ የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴና እንደ አስፈላጊነቱ የመገጣጠሚያ ቅየራ የተሻሉ አማራጮች ናቸው።