የአቻ ግፊት ሒሳብ

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የቆመ ሰው በእያንዳንዱ የገላው ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ግራም ያህል የአየር ክብደት ይጫነዋል። ከውስጥም በእኩል መጠን ስለሚገፋ ግን ሸክም እንዳለበት አይሰማውም። የሥነ ልቡና ባለሙያዎች «የአቻ ግፊት» የሚሉት ነገርም እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ጓደኞችህ ገፋፍተውህ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ «ማንም ምንም አላለኝም» ብሎ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እውነቱን ነው። ታዲያ የገፋው ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄውን ወደ ደቡብ ቆላ ከተሞች ይዘን እንውረድ። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆች ብዙውን ጊዜ ተሰባስበው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቁ ከቤተሰብ ይላካል፤ አባትና እናት ግን አብረው አይላኩም። ስለዚህ ምሽቱን የሚያስተዳድረው እኩያ ነው። ከደጋ ተቀንጥሶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በጥድፊያ በመኪና የሚወርደው ጫትም ወደዚያች ክፍል መግባቱ አይቀርም። የጥድፊያው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እየተለወጠ ኃይሉን ያጣል። ተማሪዎች «ለጥናት ያነቃል» ይላሉ። ምርቃና ዓይንን ገልጦ እንደሚያሳድር አልክድም፤ ዳሩ ግን የተነበበው ነገር በአእምሮ ውስጥ ሥር የሚሰደው በእንቅልፍ ሰዓት ነውና የሌሊቱ ትርፍ አጠራጣሪ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሞዴል እጅግ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድን ድርጊት ከመጀመሩ በፊት ስንት ሰው ሲያደርገው ማየት እንዳለበት የሚወስን መነሻ ቁጥር አለው ይላል። በአንድ ኪራይ ቤት ውስጥ አምስት ልጆች አሉ እንበል። ሀ ማንም ባይቅምም ይቅማል፤ መነሻው 0 ነው። ለ አንድ ሰው ካየ፣ ሐ ሁለት፣ መ ሦስት፣ ሠ ደግሞ አራት ሰው ካየ ይጀምራል። ሀ ሲጀምር ለ ይከተላል፤ ሁለት ሲሆኑ ሐ፣ ሦስት ሲሆኑ መ፣ በመጨረሻም ሠ ይገባል። አምስቱም ቃሙ።

በሚቀጥለው ግቢ ሌሎች አምስት ልጆች አሉ። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ የዚህኛው ቤት ለ መነሻው 1 ሳይሆን 2 ነው። ሀ ብቻውን ይቅማል። ለ ሁለተኛ ሰው ይጠብቃል፤ ሐም እንደዚሁ ሁለተኛ ሰው ይጠብቃል። ሌላ ማንም አይነሣም። አከራይዋ የመጀመሪያውን ቤት «አምስት ሱሰኞች»፣ ሁለተኛውን «አራት ጨዋ ልጆችና አንድ ብልሹ» ትላቸዋለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድ ልጅ ማመንታት ብቻ ነው። የብዙዎችን ድርጊት አይቶ ፍላጎታቸውን መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ አጭር ማስረጃ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ነገሌ ራሷ የዚህ ሞዴል ታሪካዊ ምሳሌ አላት። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር የተማረሩ የነገሌ ጦር ሠፈር ወታደሮች አመፁ። በየካቲት ደብረ ዘይትና አሥመራ ተከተሉ። ምሬቱ በየጦር ሠፈሩ ቀድሞም ነበረ፤ የጎደለው የመጀመሪያው ቁጥር ነበር።

ሞዴሉ የማይነግረን ነገር አለ፤ ሰው የጎረቤቱን ልብ አሳስቶ ያነባል። እኔ ይህን በየሳምንቱ በማስተምርበት ክፍል አየዋለሁ። «ያልገባው አለ?» ብዬ ስጠይቅ ጸጥ ይላል። ያልገባው ተማሪ የሌሎቹን ዝምታ «ገብቷቸዋል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌሎቹም የእርሱን ዝምታ እንዲሁ። የፈተናው ውጤት እስኪመጣ ሁሉም ብቻውን ደንቆሮ የሆነ ይመስለዋል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ መጠጥ ልማድ በየግላቸው ቅር እያላቸው ሌላው ግን የተመቸው ይመስላቸው እንደነበር አሳይተዋል። በበርጫው ላይ ከተቀመጡት መካከል ስንቱ «ጀባ» ሲባል እጁን የሚዘረጋው ሌሎቹ ወደውታል ብሎ ይሆን?

ነገሩ በጉርምስና ዕድሜ ይበረታል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት 306 ሰዎችን በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ ፈትነዋል። ጓደኞቻቸው ባሉበት የተጫወቱት ታዳጊዎች ብቻቸውን ከተጫወቱት እኩዮቻቸው ይልቅ አደጋን ደፈሩ፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር የረባ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ «አእምሮ የለህምን?» የሚለው ቁጣ ዒላማውን ይስታል። ልጁ ብቻውን ሲሆን አእምሮ አለው።

ምን ይደረግ? ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው የታወቀ ሙከራ ፍንጭ ይሰጠናል። የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ የተጠየቁ ሰዎች፣ በዙሪያቸው ያሉት ተመካክረው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከመልሶቻቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከብዙኃኑ ጋር አሳሳቱ። ከመካከል አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ ወደ ሩብ ወረደ። የሚደንቀው፣ ያ አንድ ሰው ሌላ የተሳሳተ መልስ በመስጠት ከብዙኃኑ ሲለይ እንኳ ግፊቱ መላላቱ ነው። እንግዲህ ለ ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። «እኔ ዛሬ ይቅርብኝ» ብሎ፣ ያለ ስብከት፣ ሌሎቹ ከመጀመራቸው በፊት ጮክ ብሎ መናገር ይበቃዋል። አስቀድሞ ከሐ ጋር ከተስማማ ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል። ሱስ ለያዘው ለሀ ይህ ሒሳብ አይረዳውም፤ እርሱ ሌላ እርዳታ ይሻል።

እኩያን ሁሉ ጠላት ማድረግም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በቦረና ዘንድ በስምንት ዓመት የዕድሜ ክልል ያሉትን ወንዶች በአንድ ሐሪያ ያሰልፋል። «ቱላ» በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ የውኃ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራሉ። በዚያ ሰልፍ ላይ ማንም እጁን አያሳርፍም፤ የሚያተጋውም ያው የአቻ ግፊት ነው።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ፕሬንቲስ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት፣ ስለዚህ የተሳሳተ ግምት በቡድን የተወያዩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከወራት በኋላ ሲጠየቁ፣ ስለ ራሳቸው ውሳኔ ብቻ ከተወያዩት ይልቅ መጠጥ ቀንሰው ተገኝተዋል። በነገሌም ቢሆን ወጪው ጥቂት ነው። መምህሩ ወረቀት ቆራርጦ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «መቃም ትወዳለህ?»፤ «ከክፍልህ ልጆች ስንቱ የሚወድ ይመስልሃል?» ከዚያም ሁለቱን ውጤቶች በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ምንም ሳይናገር፣ ተማሪዎቹ እንዲያነቡት ይተዋቸው።