ፍርፋሪ ያሸነፈው ኪቦርድ

ላፕቶፕ ላይ ቶሎ የሚደክመው የቱ ነው ቢባል ብዙ ሰው ባትሪውን ይጠራል። ቀኑን ሙሉ የሚደበደበው፣ ቡና የሚደፋበት፣ የዳቦ ፍርፋሪ የሚራገፍበት ግን ኪቦርዱ ነው። ሲበላሽም ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ምን አፍስሼበት ይሆን? ልጆቹ ነካክተውት ይሆን? ሻጩም ይህን ጥርጣሬ ቢያጠናክር እንጂ አያስተባብልም። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል።

የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ዝነኛ ምሳሌ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ባወጣቸው ማክቡኮች ላይ የገጠመው «ቢራቢሮ» የተባለው ኪቦርድ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩ ያለፈ ቢመስልም ማሽኖቹ ገና አላለፉም። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ይመጣሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ባገለገለ ዕቃ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ዋራንቲ ምን እንደሚያድንና ምን እንደማያድን ለማሳየትም ከዚህ ኪቦርድ የተሻለ አስተማሪ የለም።

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር መቀስ መስለው የተጠላለፉ ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች አሉ። በመካከላቸው ትንሽ የጎማ ጉልላት ተቀምጧል። ጣት ሲጫን መቀሱ ይታጠፋል፣ ጎማው ይጎደጉዳል፣ ከሥር ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ይገናኛል። ጣት ሲነሣ ጎማው ቁልፉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት ያለ ብዙ ወሬ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ለኪቦርድ ደግሞ ወሬ አለመኖሩ ትልቅ ምስጋና ነው።

በመጋቢት 2015 አፕል ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ይዞ ብቅ አለ። ወፍራም በሚባለው በኩል 13.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ለዚህ ቅጥነት መቀሱ ወፍራም ሆነ። መሐንዲሶቹ ሁለቱን ፕላስቲኮች ማጠላለፍ ትተው መሃል ላይ በማጠፊያ አገናኟቸውና እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ አደረጓቸው። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። የጎማውን ጉልላት በብረት ጉልላት ተኩት። ኩባንያው አዲሱ አሠራር ከመቀሱ 40 በመቶ እንደሚቀጥንና ቁልፉ ጠርዙ ላይ ቢጫኑት እንኳ ሳይዘም ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ተናገረ። ሐሰት አልነበረም። ቁልፉ የማይንገዳገድ ነበር። ወደ ታች የሚወርደው ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጣት ጠረጴዛ የመታ ያህል ይሰማዋል። ከወደዱት የጠሉት ይበዛሉ፤ ጠሉትም ወደዱትም ግን እስከዚህ ድረስ የምርጫ ጉዳይ ነበር።

መዘዙ የመጣው ከጥበቱ ነው። ቁልፉና ብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከማነሱ የተነሣ ሌላ ኪቦርድ ልብ የማይለው ብናኝ እዚህ ገብቶ ሲቀረቀር ሥራ ያስቆማል። የመግቢያ ቀዳዳ አለው፣ መውጫ ግን እምብዛም የለውም። ምልክቶቹን አፕል ራሱ በኋላ ሦስት አድርጎ ጽፏቸዋል፦ ፊደል ሳይታሰብ መደጋገም፣ ፊደል አለመውጣት፣ ቁልፍ መጣበቅ ወይም አንዴ ሠርቶ አንዴ መተው።

ይህ በአማርኛ ጸሐፊ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሆን «በላ» በሚለው ቃል እንየው። አብዛኞቻችን የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ቁልፍ ላይ ተነባቢውን ከዚያ አናባቢውን እየመታን ነው፤ ለሁለት ፊደል አራት ጊዜ መምታት ማለት ነው። የመጨረሻው የ«ኤ» ቁልፍ ካልሠራ «በላ» ያልነው «በል» ሆኖ ይወጣል። የ«ኢ» ቁልፍ ከዘለለ «ብላ» ይሆናል። «ኤል» ሁለቴ ከመታ «በልላ»። የመጨረሻው ስሕተት ዓይን ውስጥ ይገባል። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ደህና ቃላት ስለሆኑ አራሚም ሊያልፋቸው ይችላል፤ ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው።

አፕል ለደንበኞቹ ያወጣው የማጽጃ መመሪያ ራሱ የሚነበብ ነው። ላፕቶፑን 75 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ትይዛለህ፤ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አይልም። በቆርቆሮ የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለስክ ቁልፎቹ ላይ ትነፋለህ። ከዚያ ማሽኑን በቀኝ ጎኑ አዙረህ ትደግማለህ። ከዚያም በግራ ጎኑ። ከሺህ ዶላር በላይ የወጣበትን ዕቃ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ በሌላው አየር መንፋት ለአንዳንዱ ሠርቶለታል። ለሌላው ብናኙን ከአንድ ቁልፍ ሥር ወደ ጎረቤቱ ከማሸጋገር አላለፈም።

አየሩ ካልሠራ ወደ ጥገና ነው። እውነተኛው ችግር የተገለጠውም እዚያ ነው። ከ2016 ጀምሮ በወጡት ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ኪቦርዱ በብሎን የታሰረ ዕቃ አይደለም፤ ከላይኛው የአሉሚኒየም አካል ጋር በጥቃቅን ሪቬት ተመትቷል። ባትሪውም እዚያው አካል ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ እንቢ ሲል አካሉ፣ ኪቦርዱና ባትሪው አንድ ላይ ይቀየራሉ። ዋራንቲው ላለቀበት ሰው ይህ ሂሳብ እስከ 700 ዶላር ይደርስ ነበር። አንድ ፍርፋሪ ይህን ያህል ያስወጣል ሲባል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ጠበቃ ይፈልጋል።

ጉዳዩን ወደ አደባባይ ካወጡት አንዷ ኬሲ ጆንስተን የተባለች ጋዜጠኛ ናት። በጥቅምት 2017 «ዘ አውትላይን» በተባለው ኅትመት ላይ ማሽኗን ለጥገና ወስዳ የሆነውን ጻፈች፤ ባለሙያዎቹ ምናልባት አንድ ብናኝ ይሆናል ሲሏት የሰማችበትን መገረም ብዙ ሺህ ሰው የራሱ አድርጎ አነበበው። በግንቦት 2018 ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሰኔ 22 ቀን 2018፣ አፕል ልዩ የጥገና ፕሮግራም አወጀ። ችግሩ የታየው «በጥቂት መቶኛ» ማሽኖች ላይ ነው እያለ፣ ለሁሉም ግን ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ድረስ ኪቦርዱን በነፃ እንደሚያድስ ገለጸ። ቀድሞ ከኪሳቸው ለከፈሉም ገንዘቡን እንደሚመልስ ቃል ገባ።

እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠበት ቀን የሚለውን አስምሩበት። አንተ የገዛህበት ቀን አይቆጠርም። ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ዋራንቲው ገና እንደ አዲስ የሚጀምርለት ይመስለዋል፤ ሰዓቱ ግን ሳጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከፈተ ጀምሮ ሲቆጥር ነው የኖረው።

ፕሮግራሙ ለጋስ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የተበላሸውን ቢራቢሮ አውጥተው የሚተኩት በሌላ ቢራቢሮ ነበር። አበው ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ማሽኑን ለቀናት ትቶ፣ ሥራውን አቋርጦ፣ አዲስ ኪቦርድ ይዞ የተመለሰ ሰው ከወራት በኋላ ያንኑ ችግር ይዞ ያንኑ ባንኮኒ ይደገፋል። ዋራንቲ የዕቃውን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ የባከነውን ቀን የሚከፍል አንቀጽ ግን የለውም። ንድፉ የታመመ ዕቃ በመለዋወጫ አይድንም። የዚህን ኪቦርድ ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2018 አጋማሽ ያወጣው ሦስተኛው ትውልድ ቢራቢሮ ድምፁ እንደቀነሰ ተነገረለት። አይፊክስኢት የተባለው የጥገና ኩባንያ ማሽኑን ፈትቶ ሲያየው ግን ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስስ የሲሊኮን ሽፋን አገኘ፤ ሥራው ብናኝ መከላከል ነበር። እሱም አልበቃም። በመጋቢት 2019 የዎል ስትሪት ጆርናሏ ጆአና ስተርን ሙሉ ዓምዷን በተበላሸ ኪቦርድ እንደተጻፈ አድርጋ አወጣችው፦ «ኢ» እና «አር» የጎደሉበት፣ ሌላ ፊደል የሚደጋገምበት ጽሑፍ። አንባቢ እየተደናበረ ያነበዋል፤ ክርክር አላስፈለጋትም። አፕል በዚያው ሰሞን የሦስተኛው ትውልድ ኪቦርድ ያስቸገራቸውን ደንበኞች ይቅርታ ጠየቀ። በግንቦት 2019 ደግሞ አንዳንድ የውስጥ ማቴሪያል የተለወጠበት አራተኛ ትውልድ ወጣ፤ ገና ከፋብሪካ ሲወጣም የጥገና ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ። አዲስ ዕቃ ከነመታከሚያ ካርዱ ሲሸጥ ማየት ያልተለመደ ነው።

በኅዳር 2019 ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ብቅ ሲል ከቁልፎቹ ሥር ያለው መቀስ ነበር። ቁልፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ኩባንያው ከዓመታት በፊት አንሥቶት የነበረውን እውነተኛ የ«ኤስኬፕ» ቁልፍም መለሰው፤ ፕሮግራመሮች ለዚህኛው ይበልጥ ሳይደሰቱ አልቀሩም። ማክቡክ ኤር በመጋቢት 2020፣ ባለ 13 ኢንቹ ፕሮ በግንቦት 2020 ተከተሉ። ቢራቢሮ በዚሁ አበቃ።

ክሱ ግን ቀጠለ። በ2022 አፕል ጥፋት ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ፍርድ ቤቱ በ2023 አጸደቀው። ኪቦርዳቸው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተቀየረላቸው እስከ 395 ዶላር፣ አንዴ የተቀየረላቸው እስከ 125፣ የቁልፍ ክዳን ብቻ የተተካላቸው እስከ 50 ዶላር እንዲደርሳቸው ተወሰነ። ክፍያው የሚመለከተው በካሊፎርኒያ፣ በኒው ዮርክ፣ በፍሎሪዳ፣ በኢሊኖይ፣ በኒው ጀርሲ፣ በዋሺንግተን ግዛትና በሚቺጋን የገዙትን ብቻ ነበር። የሎስ አንጀለስና የሲያትል ሐበሻ ገባበት ማለት ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የገዛው ግን ያው ኪቦርድ፣ ያው ብናኝ፣ ምንም የለም።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ አዲስ አበባ ጥገና ቤቶች ውስጥ በየቀኑ ይታያል። እንደ ቲ420 ያለ አሮጌ ቲንክፓድ ኪቦርዱ ቢበላሽ ባለሙያው ማሽኑን ይገለብጣል፣ ከሥር ብሎኖቹን ይፈታል፣ ይመልሰዋል፣ ኪቦርዱን ገፋ አድርጎ ያነሣል፣ ገመዱን ይነቅላል። አዲሱን ሲሰካ የታዘዘው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም። ውኃ ቢፈስበት እንኳ ወደ ታች የሚያወጣ ቦይ አለው። ያገለገለ ቲንክፓድ ዛሬም ፈላጊ የማያጣው ለመልኩ አይደለም። ቢራቢሮ ያለውን ማክቡክ ግን ሪቬቱን አንድ በአንድ ነቅሎ ኪቦርዱን ብቻ ለመቀየር የሚደፍር ባለሙያ ቢገኝም፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ ሪቬት በነበረበት ቦታ ብሎን ይገባል፣ እንደ ፊቱ ጥብቅ ብሎ የመቀመጡ ነገር በእጁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ማሽኑ ማክቡክም ይሁን ሌላ፣ ዋራንቲው ሳያልቅ ኪቦርዱ ያስቸገረ ሰው ጥቂት ነገር ቢያደርግ ይጠቅመዋል። አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚተው ብልሽት ባንኮኒው ላይ ሲደርስ ደህና ይሆናል፤ ስለዚህ ቤት እያለ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጸው። የውጭ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሰክቶ ይሞክር፤ በዚያ ሳይሳሳት ከጻፈ ችግሩ ከሶፍትዌሩ አለመሆኑን አወቀ ማለት ነው። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ፤ ለጥገና የሄደ ማሽን ምኑ ተቀይሮ እንደሚመለስ አይታወቅም። ውኃ አፍስሶበት ከሆነም ባይደብቅ ይሻላል። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ እርጥበት ሲነካቸው ቀለማቸው የሚቀየር ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ባለሙያው ክዳኑን እንደከፈተ ያያቸዋል፤ መደበኛው ዋራንቲም ፈሳሽ ያበላሸውን አይሸፍንም።

ያገለገለ ማክቡክ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የአፕል ምልክት ተጭናችሁ «ስለዚህ ማክ» የሚለውን ክፈቱ፤ ዓመተ ምርቱን ታገኛላችሁ። ባለ 12 ኢንች ከሆነ፣ ከ2016 እስከ 2019 የወጣ ባለ 13 ወይም ባለ 15 ኢንች ፕሮ ከሆነ፣ ወይም የ2018 እና የ2019 ኤር ከሆነ ቢራቢሮ ነው፤ የአራት ዓመቱ ነፃ ጥገናም ጊዜው አልፏል። መጻፊያ ገጽ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ፣ በተለይ አናባቢዎቹንና ስፔሱን። አንዱ ከዘለለ ወይም ከደገመ «ትንሽ ሲጸዳ ይስተካከላል» የሚለውን ሻጭ አትስሙት፤ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም የ2020ውን ፈልጉ።