«ቀኑ እኮ ገና ነው»

ሰውየው ጠርሙሱን የፋርማሲያችን ባንኮኒ ላይ ሲያስቀምጥ አውራ ጣቱ የማብቂያው ቀን ላይ ነበር። ለእናቱ በየወሩ ሌንቴ የሚባለውን ኢንሱሊን የሚወስድ የሰፈራችን ልጅ ነው። የእናቱ ስኳር አልወርድ ብሎ ግራ ገብቶታል። «ዶክተር፣ ቀኑ እኮ ገና ነው፤ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ጠርሙሱን በመዳፎቼ መካከል አንከባለልኩት። ወጥ ሆኖ መደፍረስ የሚገባው መድኃኒት ነጫጭ ቅንጣት እየሠራ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። የት እንዳስቀመጡት ጠየቅሁ። ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ያውም «በደንብ ይቀዝቅዝ» ተብሎ ላይኛው በረዶ ቤት።

ፎርጅድ አልነበረም፤ ጊዜውም አላለፈም። በረዶ ሠርቶ የቀለጠ ኢንሱሊን ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ መጣል እንጂ መወጋት አይቻልም። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ያ አውራ ጣት ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁና። ደንበኛው ፓኬቱን ይቀበላል፣ ገልበጥ ያደርጋል፣ ቀኑን ይፈልጋል፣ ካገኘ ይረካል። ለ7 ቀን የታዘዘለትን መድኃኒት «ሦስት ወር ብቻ ነው የቀረው» ብሎ የሚመልስ አለ። ያው ሰው ግን መድኃኒቱ እስከዚያች ቀን የት ከርሞ እንደመጣ ጠይቆኝ አያውቅም።

የማብቂያ ቀን በሁኔታ የታሰረ ቃል ነው። አምራቹ መድኃኒቱን እንደታሸገ፣ በተወሰነ ሙቀትና እርጥበት አስቀምጦ ፈትኖ ነው ያንን ቀን የጻፈው። ከቀኑ አጠገብ «ከ30 ዲግሪ በታች»፣ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ»፣ «ከብርሃን ይጠበቅ» የሚል መስመር አለ። ያ መስመር ከተጣሰ ቀኑ ስለዚያ መድኃኒት ምንም አይናገርም። ማሸጊያው ሲከፈት ደግሞ ሌላ፣ አጭር ቀን ይጀምራል። ኢንሱሊን ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው ለአራት ሳምንት ያህል ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ገና አንድ ዓመት ቢጻፍበትም። አብዛኛው የዓይን ጠብታም እንዲሁ ነው። የሕፃናት አሞክሳሲሊን ዱቄቱ እንደታሸገ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በውኃ ከተበጠበጠ ግን በሳምንት፣ ፍሪጅ ከገባም ቢበዛ በሁለት ሳምንት ያበቃል። የተረፈውን ለሚቀጥለው ሳል አስቀምጠው ወራት ቆይተው «ቀኑ አላለፈም አይደል?» እያሉ ጠርሙሱን የሚያሳዩኝ እናቶች ብዙ ናቸው። የሚያሳዩኝ የዱቄቱን ቀን ነው። የተበጠበጠበትን ቀን ማንም አልጻፈላቸውም፤ ይህ ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው። እስክሪብቶ ይዞ ካርቶኑ ላይ ቀን መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

የማብቂያ ቀኑ ራሱ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑም አለ። በ2018 ተቀምጠው 2026 የሚል ሲያነቡ ስምንት ዓመት የቀረው የሚመስላቸው አዛውንት ይኖራሉ። ከሺ ፍሬ ቆርቆሮ ተቆጥሮ በፖስታ የተሰጠ ኪኒን ደግሞ ምንም ቀን የለውም። ከስትሪፕ ላይ ተቆርጦ የተሸጠም ብዙ ጊዜ ቀኑ የቀረው ፋርማሲው ውስጥ ነው።

ቲማቲም የሚገዛ ሰው አንዱን ካንዱ እየዳሰሰ ነው የሚመርጠው። መድኃኒት ግን ተዳስሶ አይታወቅም። እርጥበት የነካው አስፕሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ያ ዕድል ነው። አብዛኛው መድኃኒት ሲበላሽ መልኩም ሽታውም አይለወጥም። በፈረንጆች 1963 የአሜሪካ ሐኪሞች የተበላሸ ቴትራሳይክሊን ኩላሊታቸውን ስላወካቸው ሕመምተኞች ጽፈው ነበር። ያንን መድኃኒት ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ያበላሹታል፤ የቀን መቁጠሪያ አይጠብቁም።

«አዲስ አበባ እኮ ብርድ ነው» የሚለኝ ባልደረባም አለ። ከተማው ብርድ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ሱቅ ግን ብርድ አይደለም። መድኃኒቱ የሚመጣበት መንገድም ብርድ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣ ኮንቴይነር የአፋርን በረሃ አቋርጦ ነው እዚህ የሚደርሰው።

በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት መሸጥ ይከለክላል፤ ይህን ሁላችንም እናከብራለን፣ ኤክስፓየር ያደረገውን ለይተን እናስቀምጣለን። ኤክስፓየር ያላደረገውን የተበላሸ ግን ማን ለየው? በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀቶች ውስጥ ወሩ ሲያልቅ ባንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ ተቀምጦ፣ 22፣ 22፣ 22 ተብለው የተሞሉ አሉ። የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ የምሳ ዕቃና የውኃ ጠርሙስ አይቻለሁ። በሩ በምሳ ሰዓት በተከፈተ ቁጥር ኢንሱሊኑ ይሞቃል። ይህን ስናገር «አታካብድ» ይሉኛል። ኢንሱሊኑ የሚሰጠው ካለሱ መኖር ለማትችል ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አካብዳለሁ።

በእጅ የሚሞላ መዝገብ፣ በሐቀኝነት ቢሞላ እንኳ፣ የሚያውቀው ሰው ያለበትን ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሁሉ መብራት ጠፍቶ ሊነጋ ሲል ቢመጣ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚጻፈው 5 ዲግሪ ነው። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ግን ፍሪጁ ሌሊቱን 17 ደርሶ እንደነበር ያሳያል። እያንዳንዱ ፋርማሲ ይህ ቴርሞሜትር እንዲኖረው፣ ተቆጣጣሪም ሲመጣ ከቀኑ በፊት እሱን እንዲያይ እፈልጋለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ፍሪጁ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ይሸጥ ወይስ ተለይቶ ይቀመጥ የሚለውን መወሰን አለብን፤ ለዚያ ውሳኔ የማብቂያው ቀን ምንም አይረዳንም።