የእስረኛ የሕክምና ክስ በስምምነት ሲዘጋ

ሰሞኑን አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጠየቀችኝ። አሜሪካ የታሰረ ወንድሟ ሕክምና ነፍገውኛል ብሎ ከሷል፤ አሁን «በሴትልመንት እንጨርሰው» ተብሏል። ይፈርም? ይህን የሚመልሰው ጠበቃው ነው። ቤተሰቡ ግን የሚፈረመው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የእንዲህ ዓይነት ክስ መሠረት ጋምብል የተባለ የቴክሳስ እስረኛ ጉዳይ ነው። ከመኪና ጥጥ ሲያራግፍ ጥቅሉ ወድቆበት ጀርባውን ተጎዳ፤ ክሱንም ያለ ጠበቃ ራሱ አቀረበ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጭካኔ ነው ሲል ወሰነ። ጋምብል ራሱ ግን ሐኪሙን አልረታም። በሦስት ወር ውስጥ 17 ጊዜ ስለታየ፣ ጥፋት ቢኖር እንኳ የሙያ ስህተት እንጂ የመብት ጥሰት አይደለም ተባለ።

ብዙ ክሶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ሕክምናው መጥፎ እንደነበር ማሳየት አይበቃም፤ ኃላፊው አደጋውን ያውቅ እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የእስረኞችን ክስ የሚገድበው የፌዴራል ሕግም በእስር ቤቱ የአቤቱታ ሥርዓት እስከ መጨረሻው ያልሄደን እስረኛ ክስ አይቀበልም፤ የጠበቃ ክፍያንም ስለገደበ ጠበቃ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ መስማማት ሽንፈት አይደለም።

የስምምነት ወረቀቱ ይዘት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ተከሳሹ ጥፋቱን አያምንም፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ክሱ ዳግም እንዳይነሳ ሆኖ ይዘጋል። እስረኛው የትኞቹን መብቶቹን እንደሚተው ቃል በቃል ይነበብ። «እስከ ዛሬ ያለኝን ማንኛውንም ጥያቄ» የሚል ሐረግ ከዚህ ሕመም ጋር ያልተያያዘ አቤቱታንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለወንጀል ተጎጂ እንዲከፍል የተፈረደበት ካሳ ካለም፣ ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል ይጠየቅ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሕክምናው ቃል ነው። የግል ስምምነት ከሆነና እስር ቤቱ ቃሉን ካጠፈ፣ የፌዴራሉ ዳኛ በአብዛኛው ክሱን መልሶ ከመክፈት በቀር ማስገደድ አይችልም። ዳኛው አጽድቆ በትእዛዝ ያሰፈረው ከሆነ ግን የማስፈጸም ሥልጣን አለው።

አሪዞናን እንይ። በ2012 የተከፈተ የእስረኞች የጋራ ክስ በ2014 በስምምነት ተቋጨ፤ ግዛቱ ከመቶ በላይ በሆኑ የሕክምና መለኪያዎች ሊመዘን ፈረመ። ስምምነቱ በፍርድ ቤት የሚፈጸም ስለነበር በ2018 ግዛቱ ቃሉን ባለመጠበቁ ዳኛው ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጡት። ቅጣቱም አላረመውም። በ2021 ዳኛ ሮዝሊን ሲልቨር ስምምነቱን ሰርዘው ጉዳዩን ወደ ሙግት መለሱት፤ በ2022 የእስር ቤቶቹ ሕክምና ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የታመሙ ሰዎች ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድምሽ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን ይህን ጠይቂው፦ የትኛው ስፔሻሊስት ነው የሚያየው? እስከ መቼ? ቀጠሮው ቢያልፍ ለማን ነው የሚጻፈው? ወደ ሌላ እስር ቤት ቢዛወር ቃሉ አብሮት ይሄዳል? መልሶቹ በቃል ብቻ ከሆኑ ስምምነቱ ውስጥ ይግቡልን በሉ።