በእንጦጦ ጫካ ሮጦ የታመመ ሰው፦ «ግሉኮስ» ከመስቀል በፊት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በባሕር ዛፍና በሀገር በቀሉ ጽድ መካከል የሚያልፉት የጫካው መንገዶች አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ለበርካታ የሀገሪቱ ሯጮች የልምምድ ስፍራ ሆነው ቆይተዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም ለጤናቸው ሲሉ የሚሮጡ ሰዎችና ከውጭ ሀገር የሚመጡ እንግዶች ወደ ተራራው ይወጣሉ። አዘውትሮ መሮጥ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከል የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከሩጫ በኋላ ታሞ የሚመጣ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

ለአብነት ያህል፣ ዘመዶቿን ለመጠየቅ ከዋሽንግተን መጥታ አዲስ አበባ በገባች በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ላይ ለሦስት ሰዓታት የሮጠች ሴት ራሷን እያመማትና እያቅለሸለሻት ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ውኃ አንሷታል» የሚለው ግምት ሲሆን፣ የሚከተለውም በተለምዶ «ግሉኮስ» የሚባለውን ፈሳሽ መስቀል ነው። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እነዚሁ ምልክቶች በሌሎች ምክንያቶችም ይከሰታሉ፤ ለአንዱ የሚበጀው ሕክምና ሌላውን ሊያባብስ፣ አልፎ ተርፎም ሊገድል ይችላል።

የከፍታ ሕመም

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ላይ 21 በመቶ ነው። የአየር ግፊት ግን በ3,000 ሜትር ከፍታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሰውነት ይህን በአመዛኙ ለምዶታል፤ ከዝቅተኛ ስፍራ የመጣ ሰው ግን ለመላመድ ቀናት ያስፈልጉታል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከፍታው ላይ ከተደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ በራስ ምታት ይጀምራል። ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ማዞርም አብረው ይታያሉ። ቀላል ከሆነ እረፍትና የሕመም ማስታገሻ ይበቃል፤ ታማሚው እስኪሻለው ድረስ ወደ ተራራው መመለስ የለበትም። በእረፍት ላይ እያሉ ትንፋሽ ማጠርና ሳል ከታየ ግን ሳንባ ፈሳሽ መቋጠሩን፣ ሲራመዱ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር ከታየ ደግሞ አንጎል ማበጡን መጠርጠር ያሻል። በሁለቱም ሁኔታ ኦክስጅን ወዲያውኑ ይሰጣል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን በመጀመሪያ 8 ሚሊ ግራም፣ ከዚያም በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊ ግራም ይሰጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ታማሚውን ከእንጦጦ ወደ ከተማው ማውረድ ብቻውን በቂ ላይሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የሶዲየም ማነስ

ቀዝቀዝ ባለ ጫካ ውስጥ በዝግታ ለረጅም ሰዓት የሚሮጥ ሰው በላብ ከሚያጣው በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። በሩጫ ወቅት ኩላሊት ውኃን እንዲያስቀር የሚያደርገው ሆርሞን ሊጨምር ስለሚችል፣ ትርፉ ውኃ በሽንት ሳይወገድ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን በተሳተፉ 488 ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናት 13 በመቶው የሶዲየም ማነስ ተገኝቶባቸዋል።

ሁለቱን ሁኔታዎች ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ውኃ ያነሰው ሰው ይጠማዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሶዲየም ያነሰው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ አብዝቶ መጠጣቱን ይናገራል፤ ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱ ሊጠብቀው፣ ክብደቱም ከሩጫው በፊት ከነበረው ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ሰው 5 በመቶ ግሉኮስ መስጠት አደገኛ ነው፤ ስኳሩ በሰውነት ውስጥ ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ የሚቀረው ውኃ ብቻ ነውና። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ሽንት እስኪሸና ድረስ ፈሳሽ ይከለከላል። የአእምሮ መደናገር ወይም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ካለ 3 በመቶ የሆነ የጨው ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱ በ10 ደቂቃ ልዩነት በድምሩ እስከ ሦስት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

መቼ ወደቀ?

ሩጫውን ጨርሶ ከቆመ በኋላ የወደቀ ሰው በአብዛኛው ደሙ በእግሮቹ ውስጥ በመጠራቀሙ ነው። አስተኝቶ እግሮቹን ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። እየሮጠ ሳለ የወደቀ ግን ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ልቡ እንደታመመ ተደርጎ ይታያል። ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረቱን መጫን ሳይዘገይ ይጀመራል፤ መኪና በማይገባበት ጫካ ውስጥ ሕይወቱ የሚወሰነው አጠገቡ ባለው ሰው ነው። የሚተነፍስ ከሆነ የደም ስኳሩና የሰውነት ሙቀቱ ይለካል። ሙቀቱ በፊንጢጣ ሲለካ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሆኖ አእምሮው ከተደናገረ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም እንኳ በቅድሚያ በቀዝቃዛ ውኃ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለተጠቀሰችው ሴት መርፌው ከመሰካቱ በፊት አራት ጥያቄዎች መቅረብ አለባቸው፦ ከየት መጣሽ? ከመጣሽ ስንት ቀን ሆነሽ? ምን ያህል ውኃ ጠጣሽ? ከሮጥሽ በኋላ ሽንት ሸንተሻል? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይም አይወስዱም። ለሯጮች የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ቀላል ነው፦ ከዝቅተኛ ስፍራ የመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት ይረፍ፣ ውኃ ሲጠማው ይጠጣ፣ ወደ ጫካም ብቻውን አይግባ።