ብላስፌመስ፦ በደል የሚታገልበት ጌም

ዋናው ባለታሪክ የሚነሳው ከሬሳ ክምር ላይ ነው። የነበረበት የሃይማኖት ማኅበር ወንድሞች በሙሉ አልቀው የቀረው እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ግዙፍ ጠላት እንደጣለ ሾጣጣውን የብረት ቆቡን ያወልቅና በሟቹ ደም ሞልቶ መልሶ ይደፋዋል። አንድም ቃል አይናገርም። የዝምታ ስእለት አለበት፤ ስሙም «ንስሐ ገቢው» ብቻ ነው።

ጌሙን የሠራው «ዘ ጌም ኪችን» የተባለ በደቡብ ስፔን፣ በሴቪያ ከተማ የሚገኝ አነስተኛ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኪክስታርተር የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ 50,000 ዶላር ጠይቆ ሕዝቡ ከ300,000 በላይ አዋጣለት። ጌሙ በ2019 ወጣ።

አንዳንድ የጨለማ ቅዠት ጌሞች ከድራኩላ ቤተ መንግሥት ይቀዳሉ። የብላስፌመስ ሠሪዎች ግን የቀዱት ከራሳቸው ጎዳና ነው። በሴቪያ በሰሙነ ሕማማት በየደብሩ ያሉ ማኅበራት የክርስቶስንና የሐዘንተኛዋን ማርያም ምስሎች በከባድ መድረክ ላይ አድርገው ከተማውን ያዞራሉ። ተሸካሚዎቹ ከመድረኩ ሥር ስለሆኑ አይታዩም። ንስሐ ገቢዎቹም ፊትን የሚሸፍን ሾጣጣ ቆብ አድርገው፣ አንዳንዶቹ በባዶ እግራቸው፣ ሻማ ይዘው አብረው ይጓዛሉ። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ነው ቆቡ፤ የባለታሪኩ የብረት ቆብም ይኸው ነው። በፒክስል ነጥቦች የተሠሩት ሥዕሎች ላይ ደግሞ የስፔን ሠዓሊዎቹ የዙርባራን፣ የሪቤራና የጎያ ጥቁርና ቀይ ቀለም ጎልቶ ይታያል።

ታሪኩ የሚካሄደው ኩስቶዲያ በተባለች ምናባዊ አገር ነው። በዚያ «ታምር» የሚባል ኃይል የሰዎችን ጸጸት ሰምቶ ሥጋ ያለብሰዋል፤ በረከት ይሁን ቅጣት ለይቶ የሚያውቅ የለም። አንዲት ሴት ሕዝቡ ውበቷን ማምለክ ሲጀምር በፈላ ዘይት ፊቷን ታቃጥላለች፤ ተጫዋቹ በኋላ ከእሷ ጋር ይዋጋል። እንዲህ ያለውን ጠላት መግደል ደስ አይልም፤ የጌሙም ትልቅ ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አጨዋወቱ ዝላይና የሰይፍ ፍልሚያ ነው። ካርታው ሰፊና እርስ በርሱ የተያያዘ ሲሆን አንድ ቅርስ ሲገኝ ተዘግቶ የነበረ መንገድ ይከፈታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በደል ራሱ የጌሙ ሕግ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ሲሞት በወደቀበት ቦታ የበደሉ ቁራጭ ይቀራል። ያንን ተመልሶ እስኪያነሳ ድረስ ለጸሎት የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንስበታል፤ ቁራጮቹ በበዙ ቁጥርም ይብስበታል። ካልሆነ ወደ አናዛዥ ሐውልት ሄዶ ይከፍላል። ገንዘቡም የንስሐ እንባ ነው። ጉልበት የሚታደሰው በጸሎት መንበርከኪያ ላይ ነው፤ ነገር ግን እዚያ በተንበረከከ ቁጥር የገደላቸው ጠላቶች ሁሉ ይመለሳሉ። የመቁጠሪያ ዶቃዎች ከጉዳት ይከላከላሉ። ጸሎቶቹ እንደ ዜማ የሚወርዱ ኃይሎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከደቡብ ስፔን የፍላሜንኮ ስልቶች ነው፤ ታራንቶ፣ ቲየንቶ፣ ዴብላ። የሙዚቃው ደራሲ የካርሎስ ቪዮላ ጊታርም ከዚያው ምድር ነው።

ጌሙ ጭካኔ ያበዛል፤ ለልጆችም አይሆንም። እሾህ ላይ የወደቀ ወዲያው ይሞታል፤ ይህ በተለይ ለጀማሪ ከሚገባው በላይ ነው። አንዳንድ የጎን ታሪኮችም ያለ ፍንጭ ያልፋሉ፤ ማንን መቼ ማነጋገር እንደሚገባ ያልገመተ ሰው መጨረሻቸውን አያይም።

በ2020 በነጻ የመጣው ተጨማሪ ክፍል የስፓኒሽ ድምፅ ጨምሮበታል። ስፓኒሽ የማይሰማም ቢሆን በዚያ እንዲጫወተው እመክራለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ ኑዛዜያቸውን በአገራቸው ቋንቋ ሲናገሩ ክብደቱ ሌላ ነው። የወደደው ደግሞ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ክፍል አለለት፤ እዚያ ከሦስት የጦር መሣሪያዎች አንዱን መርጦ ይጀምራል።