ከሰቆጣ ተነሥቶ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ማስተማር

በውጭ አገር ማስተማር ሕጋዊ የሚሆነው ተቀባዩ አገር የሚያውቀው የመምህርነት ማስረጃ፣ ስሙና አድራሻው የታወቀ ቀጣሪ ትምህርት ቤት እና ለዚያው ሥራ ተብሎ የተሰጠ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ሲሟሉ ነው። አንዱ ከጎደለ የቀሩት አያድኑም። በቪዚት ቪዛ የገባ መምህር ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ቢሆን፣ ደመወዙም በወቅቱ ቢከፈለው እንኳ፣ ሥራው ሕገወጥ ነው። ለምሳሌ በቻይና ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የመግቢያና የመውጫ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከአገር ሊባረርም ይችላል። ቅጣቱ በቀጣሪው ብቻ ሳይሆን በመምህሩም ላይ ያርፋል።

ኢትዮጵያዊ መምህር ባሕር ተሻግሮ ማስተማሩ የቆየ ታሪክ አለው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን ጎታ ከተማ ሄደው ለጀርመናዊው ምሁር ለሂዮብ ሉዶልፍ የግዕዝና የአማርኛ መምህር ሆነዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተምረዋል። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ለማስተማር የሄዱት በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ነው። የዛሬው መምህር ግን ተጠርቶ ሳይሆን ራሱ አመልክቶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ማንነቱንና ሙያውን የሚመሰክሩለት ወረቀቶቹ ናቸው።

ሰቆጣ በምትገኝበት በዋግ ኽምራ ያለ መምህር በመጀመሪያ የሚለየው የትምህርት ደረጃውን ነው። ከሰቆጣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚገኘው ዲፕሎማ በአገር ውስጥ ያስቀጥራል፤ በአብዛኞቹ ተቀባይ አገሮች ግን መነሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ዲግሪው ከመምህርነት ውጭ በሆነ መስክ ከተገኘ፣ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የውጭ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን ከሚያውቅ ሰው ይልቅ ማስተማርን የተማረ ሰው ይፈልጋሉ።

የሥራ ልምዱ ግን ከዲግሪው ባልተናነሰ ይመዘናል፤ የዋግ መምህር ይህን ሀብቱን አሳንሶ ማየት የለበትም። በአምደወርቅ ወይም በጽጽቃ ያስተማረ መምህር፣ ቤታቸው ኽምጣኛ ለሚናገሩ ልጆች በሌላ ቋንቋ ሒሳብና ሳይንስ ማስረዳትን በየቀኑ ተለማምዷል። የስደተኛ ልጆች የሚማሩባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አጥብቀው የሚፈልጉት ችሎታ ይኸው ነው። ችግሩ የወረዳው ደብዳቤ ይህን አለመናገሩ ነው። የተለመደው የሥራ ልምድ ማስረጃ መምህሩ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማገልገሉንና ደመወዙን ጽፎ ማኅተም ይመታበታል፤ በዚያው ያበቃል። ለውጭ ቀጣሪ የሚረባው የትምህርቱን ዓይነት፣ የክፍል ደረጃውን፣ በሳምንት የያዘውን ክፍለ ጊዜ፣ የማስተማሪያውን ቋንቋና የተማሪውን ብዛት የሚዘረዝር ነው። ርእሰ መምህሩ ይህን ጽፎ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ቢያጸድቀው የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ፋይሉ የጠፋበት መምህር ደግሞ ዳግም ማስረጃ ማሰባሰቡን ሥራ ከማፈላለጉ በፊት ቢጀምር ይሻለዋል፤ የቅጥር ጥሪ ከመጣ በኋላ የሚጠፋው ጊዜ ዕድሉን ይወስድበታል።

ከወረቀቱ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ስምና ዘመን ነው። በፓስፖርቱ ላይ ኃይለማርያም ተብሎ እንደ አንድ ቃል የተጻፈ ስም በዲግሪው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ቢገኝ፣ ሰነዱን የሚያየው የውጭ አገር ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩ የባሰ ነው። በ1982 ዓ.ም. የተወለደ መምህር ፓስፖርቱ 1990 ይላል፤ በ2006 ዓ.ም. መቀጠሩን የሚገልጸው ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ዓመቱ ሳይቀየር 2006 ከተባለ፣ በ16 ዓመቱ መምህር የሆነ ያስመስለዋል። ተርጓሚው ዓመቱን መቀየሩን ማየት የባለጉዳዩ ሥራ ነው። የፊደሉም ልዩነት ቢሆን በአገር ቤት ሳሉ ማስተካከሉ ይቀላል።

ኦርጅናል ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳ መዘጋት አለበት። ዕዳው በመምህርነት አገልግሎት የሚካካስበት አሠራር ስላለ፣ የዋግ መምህር ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያገለገለበት ዘመን ታስቦለት እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚያ ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣሉ፤ ቀጥሎ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም ወደ ተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይሄዳሉ። ቅደም ተከተሉን መዝለል አይቻልም። ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃም ይፈለጋል፤ ይህን ግን ብዙ ቀጣሪዎች በቅርብ የወጣ እንዲሆን ስለሚፈልጉ ቀድሞ ማውጣቱ ትርፍ ወጪ ነው። አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤትም ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም። ከሰቆጣ አዲስ አበባ መመላለስ ለመምህር ደመወዝ ከባድ ስለሆነ፣ የማያረጀውን ዲግሪና ትራንስክሪፕት አስቀድሞ መጨረስ፣ የሚያረጀውን ለኋላ ማቆየት ይመረጣል።

የት ማመልከት ይሻላል ለሚለው መልሱ በሚያስተምሩት ትምህርት ይወሰናል። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ በምሥራቅ እስያ የሚገጥመው በር ጠባብ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች፣ ማለትም ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ የተያዘ ነው። ይህን ሳይነግር በኮሪያ በእንግሊዝኛ መምህርነት አስቀጥራለሁ የሚል ሰው እምነት አይጣልበትም። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምር ግን የተሻለ ዕድል አለው። በእንግሊዝ በውጭ አገር የሠለጠነ መምህር የእንግሊዝን የመምህርነት ማዕረግ ሳያገኝ እስከ አራት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ይችላል፤ ሆኖም የሚቀጥረው ትምህርት ቤት ስፖንሰር የመሆን ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ የባለፈቃዶቹን ዝርዝር ደግሞ መንግሥት በይፋ ስለሚያወጣ ማንም በስልኩ ማየት ይችላል። የአሜሪካው የጄ-1 የመምህራን ልውውጥ ዲግሪና ቢያንስ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠይቃል፤ ቆይታው ሦስት ዓመት ሆኖ ሊራዘም ይችላል፤ ቋሚ መኖሪያ ግን አይደለም። በስዊድን ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት የመማር መብት ስላላቸው የአማርኛ መምህራን ይቀጠራሉ፤ ይህ በር በይበልጥ የሚከፈተው እዚያው ለሚኖሩና ስዊድንኛ ለለመዱ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ጉዳዩን የሚገዛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው 1246/2013 ነው። ብዙ መምህራን ሕጉ የቤት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ስምሪቱ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ሊሆን ይችላል፤ ከቤት ሠራተኝነት ውጭ ያለ ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው ደግሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ በቀጥታ የሚቀጠርበት መንገድ አለ። ለመምህር የሚሻለው ይህኛው ነው። ከወጪውም ሕጉ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የመግቢያ ቪዛውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ለሠራተኛው የሚቀረው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የመሳሰሉት የራሱ ሰነዶች ወጪ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራ ሕግ የቅጥር ወጪን ከሠራተኛ ላይ መሰብሰብን ከልክላለች። ስለዚህ «የቪዛ» ተብሎ ብዙ ብር የሚጠየቅ መምህር ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀው ሰው ፈቃድ እንዳለው በሚኒስቴሩ ማጣራት አለበት።

ይህ ማጣራት የነፍስ ጉዳይም ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማይንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚችሉና ኮምፒውተር የለመዱ ወጣቶች በጥሩ ደመወዝ ተስፋ ወደ ባንኮክ ተወስደው ድንበር እንዲሻገሩ ተደርገዋል። መምህር የዚህ ዓይነቱ ደላላ የሚፈልገውን ችሎታ ሁሉ ያሟላል። በቴሌግራም ብቻ የሚገኝ «ትምህርት ቤት»፣ የማስተማር ችሎታን ሳይጠይቅ የሚቀጥር ሰው፣ በቱሪስት ቪዛ ግባና እዚያ እናስተካክላለን የሚል ቃል፣ እነዚህ በአንድ ላይ ከታዩ ነገሩን እዚያው ማቆም ነው። ሰዎችን በዚህ መልክ አታሎ የሚልክ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድ ወንጀል ይጠየቃል።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት መምህሩ በሚገባው ቋንቋ መነበብ አለበት። የደመወዙን መጠንና የሚከፈልበትን ገንዘብ፣ የሳምንቱን ክፍለ ጊዜ፣ በክረምት ዕረፍት ደመወዝ ይከፈል አይከፈል፣ መኖሪያ ቤት፣ ሕክምና፣ ውሉ ሲቋረጥ የመመለሻ ትኬት የማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። የዕረፍቱ ነገር በተለይ ይታይ፤ አሥር ወር ብቻ የሚከፍል ውል ጥሩ ደመወዝ ያለው ቢመስልም በዓመት ሲታሰብ ያንሳል። ከወረዳው መልቀቂያና ክሊራንስ የሚወሰደው ቪዛው በፓስፖርቱ ላይ ከተመታ በኋላ እንጂ ተስፋ ሲሰጥ አይደለም፤ ቸኩሎ የለቀቀ መምህር ጉዞው ቢቀር የቀድሞ ቦታውን በሌላ ተይዞ ሊያገኘው ይችላል።

ከደረሱ በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪወጣ ፓስፖርቱ ለምዝገባ ሊወሰድ ይችላል፤ ምዝገባው ሲያልቅ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቀጣሪ መያዣ ሊያደርገው አይችልም። የውሉና የፈቃዱ ቅጂ አንድ በእጅ፣ አንድ ሰቆጣ ባለው ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጣል፤ በተቀባዩ አገር ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ መመዝገብም ያስፈልጋል። የሥራ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ለአንድ ቀጣሪ ነው። የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ሁለተኛ ትምህርት ቤት ቢገኝ እንኳ ፈቃዱ በአዲሱ ቀጣሪ ስም ሳይዛወር ክፍል መግባት፣ ለማታ ትምህርትም ሆነ ለቤት ለቤት ጥናት፣ በሕጋዊ መንገድ የሄደውን መምህር ሕገወጥ ሠራተኛ ያደርገዋል።